መንካት ክልክል ነው

አውቶቡሱ ሲያቃስት ጠመዝማዛው ላይ፣
አባቴ በመስኮት ተራራውን ሲያይ፣
እጁ ጭኑ ላይ ነው፤ አንድም ቃል አልወጣው፤
አርባ ዓመት ሳይረግጠው ዛሬ ገና መጣው።

ትኬት ቆረጥኩለት፣ ለአዛውንት ግማሽ ዋጋ።
ሳቀ። «ድሮ እኮ እኔ ነበርኩ የሚከፈለኝ ወደዚህ ስጠጋ።»

ኤል ቶርካል ይሉታል።
ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ሳህን በሳህን ላይ፣
ከሠርግ ማግስት ያልታጠበ ዕቃ መሰለኝ ከሩቅ ሲታይ።
አንዱ ወገቡ ቀጥኖ ራሱ የገዘፈ፣
አንዱ ለሹክሹክታ ወደ ጎረቤቱ የተደገፈ፣
አንዱ እንደ ብሎን ጥርስ ዙሪያውን የተገዘገዘ፣
አንዱ ልክ ሊወድቅ ሲል ሐሳቡን ቀይሮ እንደ ቆመ የፈዘዘ።

አስጎብኚው አማዴዮ፣ ገና ጺም ያላበቀለ፣
አረንጓዴ ሰደርያ ለብሶ ቁልፍ ከወገቡ ያንጠለጠለ፣
«ይህ ሁሉ» አለ፣ «ባሕር ነበር። የባሕር ወለል።
ዛጎልና ጭቃ ተነባብሮ፣ ሺህ ጊዜ ሺህ ዓመት ሲጋገር ሲበስል።
ከዚያ ከፍ አለ፤ ዝናብ ላሰው፤ ውርጭ ሰነጠቀው...»
ሳቅ ይሁን ሳል፣ አላውቅም፣ አባቴን አነቀው።

እኔም በልቤ አልሁ፦ ለካስ እንቁላል ብቻ አይደለም
ቀስ በቀስ በእግሩ የሚሄድ፤
ባሕርም ይሄዳል፤ ተራራ ላይ ወጥቶ ቁጭ ይላል፣
ማንም ሳያየው ሲራመድ።

«እባካችሁ» አለ ልጁ፣ «ከአረንጓዴው ችካል አትውጡ፤
መንካት ክልክል ነው፤ ድንጋዩ ላይም አትቀመጡ።»

አባቴ ግን ወጣ።
በገዛ ቤቱ፣ በጨለማ፣ ክብሪት እንደሚፈልግ ሰው፣
ሳያይ፣ ሳይደናቀፍ፣ እግሩ እየመለሰው፣
አንድ ድንጋይ ፊት ቆመ። በትከሻው ልክ ክብ ቀዳዳ፣
ዝናብ ያልሠራው። ጣቱን አስገባ። «እይ፣ ካሲልዳ።

ይህን የበሳሁት እኔ ነኝ፤ ባሩድ ልጨምርበት።
ጉም ወረደ። ባሩዱ ረጠበ። ተውኩት።
በማግስቱ አንቺ ተወለድሽ፤ ወደ ቤት ወረድኩኝ፤
ከዚያ በኋላ ሌላ ድንጋይ ነበር፤ ይኸኛውን ረሳሁኝ።»

ይኸው ነው የተረፈበት ምክንያት። ሌላ የለውም።

ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት እሳቱ ሳይተኛ፣
ድንጋዩ ኖራ ሆኖ በበቅሎ ሲወርድ ወደ እኛ፣
ሴቶቹ በግንቦት፣ በረጅም ብሩሽ፣ ግድግዳ ይቀባሉ፤
«የማን ኖራ ነው እንዲህ የሚያበራ?» ይባባላሉ።
የሱ ነበር።
ሳንባውም የሱ ነው። ሐኪሙ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ፤
ነጭ ነጥብ፣ ነጭ ነጥብ፤ «ሥራቸው ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

አማዴዮ ሮጦ ደረሰ፣ ፊቱ ቀልቶ።
«አባባ፣ መንካት ክልክል ነው!»
አባቴ ጣቱን አላወጣም፤ ቆየና፣ ቆይቶ፣
«አውቃለሁ» አለው። «ድሮም መከልከል ነበረበት።
ያኔ ግን ከልካይ አልነበረም፤ እራትም አልነበረን በቤት።»

ልጁ የሚለው ጠፋው። ቀዳዳውን አየ።
ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ፤
ሰዎቹ የዱር ፍየል አይተው ስልካቸውን አውጥተዋል፤
ፍየሏ ክልከላው የማይመለከታት፣ ከብሎኑ ጫፍ ላይ ቆማለች።
ያኔ የገዛ ጣቱን አስገባ።
«ጥልቅ ነው» አለ።
«የአንድ ጠዋት ሥራ ነው» አለ አባቴ።

ከዚያ ጉሙ መጣ፣ እንደዚያን ለታው።
ሳህኖቹን አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ላይ አነሳው።
ድምፅ ብቻ ቀረ፤ እርምጃ፣ የአባቴ ሳል፣
የአማዴዮ ቁልፎች፤ «በዚህ፣ በዚህ በኩል...»

ስንወርድ ከጉሙ በታች አንቴኬራ ታየች፣ ነጭ በነጭ፤
የተራራው ግማሽ ወርዶ እዚያ ቁጭ ብሎ፣
ልብስ ተሰጥቶበት፣ ድመት ተኝታበት።

አባቴ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ራሱ መስኮቱን ይመታል።
ግማሽ ዋጋው ትኬት በግራ እጁ።
የቀኙ ሌባ ጣት፣ ጥፍሩ ሥር፣ ነጭ ነው።
ቤት ደርሰን እራት ስናቀርብም
ያቺን ጣት አልታጠባትም።