የጆሮ ልክ

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ጫማ የሚነጥቅ ነው የኮትቻው ጭቃ።
እዚያ ነው ቤቴ፤
አንድ ክፍል ቆርቆሮ፣
መጋዝ፣ ሞረድ፣ ጉጠት፣
ግራም የምትለይ ሚዛን ከአባቴ።
ሁለት ሰው ከገባ
ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ወረፋ ጠባቂ፤
ጉትቻ ሠሪ ነኝ፣ ለጆሮ ተጨናቂ።

ወይራ ያምራል፤ ይከብዳል።
ዋንዛ ይቀላል፤ ግን በበጋ ይሰነጠቃል።
ቀንድ ቶሎ ይሞቃል፣ ከሰው ገላ ጋር ይላመዳል።
ዛጎል ይንቋቋል፤ እንቅልፍ ለሚወድ አይሆንም፤
የፕላስቲክ ዶቃ ግን
ለልዋጭ እሰጠዋለሁ እንጂ ክር አላስገባለትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሸምሱ ይመጣል፣
"ቆራሌው!" እያለ ጆንያውን ይዘረግፋል፦
የተቃጠለ ዲናሞ፣ መዳቡ ከነጥላሸቱ፣
የቧንቧ ራስ ነሐስ፣ ሻግቶ አረንጓዴ ፊቱ፣
የብስክሌት ደወል ምላሱ የወለቀ፣
የአሉሚኒየም ድስት ቂጡ የለቀቀ።
ቁጢጥ ብዬ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ፣
ማግኔት አስጠጋለሁ፣ በሞረድ እጭራለሁ።
ቢጫ የለበሰ ሁሉ ነሐስ አይደለም፤
ሲፋቅ ነጭ የሚስቅ ሞልቷል በዚህ ዓለም።

ያን ዕለት ከጆንያው ሥር
አንድ እፍኝ ቀለህ አወጣ።
"ይኸው" አለኝ፣ "ንጹሕ ነሐስ፣ በርካሽ የመጣ።
ፈረንጅ ይወደዋል፣ ታሪክ አለው ብለሽ..."
አየሁት፤ ሳይጨርስ ዝም አለ።
ነሐሱስ እውነት ነው።
ቀጭን፣ ለመዶሻ የሚታዘዝ፣
ጥቂት ሲያሹት የሚያበራ።
ግን አፉ ጠቁሯል።
መጨረሻ የተናገረውን አላውቅም፣
ማን እንደ ሰማውም አላውቅም።
እንዴት አድርጌ ነው
ከሰው ጆሮ ሥር የማንጠለጥለው?

ሶሬቲ ተማሪዬ፣ የገላን ልጅ፣ የነገር መርፌ፣
የቃሊቲ ቄራ ቀንድ ታለሳልስ ነበር ከደጃፌ።
"እንዴ" አለች፣ እጇን ሳታቆም፣
"ይሄስ ቀንድ? ቢላዋውን አልሰማም?"
መልስ ፈለግኩ።
ከሚዛኑ ላይ አቧራ አበስኩ።
ሸምሱ ጆንያውን ተሸክሞ ወጣ፤
ቀለሁ ሲንሿሿ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር።

ወይዘሮ ደብሪቱ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፣
ዘጠኝ ሰዓት ሲል፣ ጭቃቸውን በድንጋይ ፍቀው።
ከካዛንቺስ ተነሥተው አምስተኛ ፎቅ የገቡ፣
ከደረጃው ጋራ ገና ያልተግባቡ።
ከመቀነታቸው ፈትተው አንድ ቁልፍ አወጡ፤
"በሩ ፈርሷል፤ ጉትቻ አድርጊልኝ" ብለው ተቀመጡ።

መዘንኩት፤ አሥራ አንድ ግራም።
የሳቸው ጆሮ ከአራት በላይ አይችልም፤
የሠርጋቸው ሎቲ ስቦት
ቀዳዳው ገብስ አክሏል።
ጫርኩት። ነጭ ሳቀ።
ቢጫው ቅብ ነበረ፤ ጉዱ ታወቀ።
"እትዬ፣ ብረት ነው፤ ይዝጋል" አልኳቸው።
"ይዛግ። ጣራውም ዝጎ ነበር" አሉኝ፤ ምንም አልመሰላቸው።

ሶሬቲ ቀና ብላ አየችኝ።
ደህናውን ነሐስ መልሼ
ክፉውን ብረት ስቀበል አየችኝ።
ምነው በተናገረች።

አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ጆሮ፤
በመጋዝ ከወገቡ ከፈልኩት።
ክቡን ለቀኝ፣ ጥርሱን ለግራ፣
እስኪሳሳ ሞረድኩት፣
ጣቴ እስኪያቃጥለኝ ሞረድኩት።
ማንጠልጠያው ብር ነው፤ በዚያ አልደራደርም፤
ዝገት ይንጠልጠል እንጂ ሥጋ ውስጥ አይገባም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ።
መስታወት የለኝም፤ ከተሰበረ ከርሟል።
ወይዘሮ ደብሪቱ በጣታቸው ዳበሱ፣
ራሳቸውን ወዘወዙ፣
እንደገና ዳበሱ።
"ጥርሱ በየትኛው ነው?"
"በግራ፣ እትዬ።"
"ደግ። ወደ ግራ ነበር የሚዞረው።"