አንድ ጎብኚ

ኦውሉ ላይ በጥር ወር ሳይነጋ ሲጨልም
ሲርካ ቆጣሪ ተከለች፣ ለሌላ ሰው አይደለም፤
ለራሷ ነው እንጂ፦ ፕሮግራም በጫነች ቁጥር
አንዲት ነጥብ ትብራ፣ ሰዓቷም ይቆጠር።
የነጋዴ መነጽር፣ የደንበኛ መከተያ፣
ሆነላት የገዛ ጓዳዋ ማያ።

ወሩ ሲያልቅ ሰንጠረዡን ገለጠች።
ጎብኚ፦ አንድ። ሳቀች።
ተመላላሽ፦ አንድ።
ዝም አለች።

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
አንድ የመርከብ ሬዲዮ ማድመጫ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ጭነት፤
የቶይቮ በረዶ ሰባሪ ከወደብ የሚወጣበት።

«እሱንማ አራግፌዋለሁ» ብላ ነበር ለእህቷ፤
አልዋሸችም፤ አሥራ አንዴም አራገፈች በጣቷ።
ቆጣሪው ግን ማራገፍ አያውቅም፣ ጭነት ነው የሚያይ፤
አሥራ ሁለተኛዋ ነጥብ በራች፣ እሷው ስታይ።