ስንዴው ውስጥ የቀረች ኳስ

ከሠላሳ አንድ ተማሪ ዘጠኝ ሆነን ለቤዝቦል ወጣን፤
ተቀያሪ ስላልነበረ ወንበሩን ለጃኬት ሰጠን።
ኖራውን የሚያሰምረው የአውቶቡሳችን ሹፌር፣
እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ይጣመማል መስመር።

የመጨረሻው ዙር። ሩበን ወረወረ። ዱላው ጮኸ።
ወዴት ሄደች ያለ የለም፤ ሁላችን አይተን ነበር፣
ኳሷ ከመብራቱ በላይ ጨለማ ሰንጥቃ ስትበር፣
ከአጥሩ ማዶ የአባቱ ስንዴ
ተከፍቶ ሲዘጋባት እንደ በር።

ማንም አልወቀሰው፤ እሱ ነው ያቃጠለው።
የነዳጅ ማደያዋ ወይዘሮ ዊልማ
"የምዕራብ ካንሳስ ነፋስ ነው" አለችው፤
አባቱ ግን በመኪና እስከ ቤት ድረስ ዝም አለው።

ሰኔ ሲጋመስ፣ አጨዳ። እኔ የእህል መኪናው ላይ፣
ሩበን ኮምባይነሩን አቁሞ፣ ወርዶ ሲያጎነብስ ሳይ፣
ጥንቸል የገደለ መሰለኝ።
ስፌቷ ተተርትሮ፣ ዝናብ ያሳበጣት፣
ግማሽ ፊቷን አፈር ያጠቆራት፣
ያቺው ኳስ ናት።
ወደ አጥሩ ዞሮ ርቀቱን ለካ በዓይኑ፣ ብቻውን፤
"ወይ ምት!" አለና ሳቀ፣ በክንዱ ጠርጎ ላቡን።

አባቱ በሬዲዮ፦ "ምን አገኘህ? ለምን ቆምክ?"
"ድንጋይ ነው" አለ ሩበን።
ኪሱ እንዳበጠ እስከ ማታ ነዳ።
ድንጋይ ነው እላለሁ እኔም፣
እስከ ዛሬ ለጠየቀኝ።