ዳኛው

ስሙን ያወጣሁት ለነገር ነበረ፣
ከጋሽ ኩምሳ ጋራ በወሰን ስንካሰስ፤
«ዳኛው! ፍረድ እስቲ!» እያልኩ ስጠራው
ቃሌ አጥሩን ዘሎ ጆሮው እንዲደርስ።
ያገራችን ውሻ መች የራሱ ስም አለው?
ለጎረቤት የተጻፈ ደብዳቤ ነው።

ካራ ነው ቤታችን፣ ከአስፋልቱ በላይ፣
ታክሲው «ወራጅ!» ብሎ ፊቱን ከሚያዞርበት፤
ባሕር ዛፉ ወርዶ ከጓሮ የሚቆም፣
ጅብ ሲመሽ መጥቶ በር የሚያሸትበት።

ጠባችን ስንዝር ተኩል ነበረች።
ስድስት ጊዜ ወረዳ፣ ሽማግሌ ሁለቴ፤
ሜትር የያዘ ልጅ መጥቶ በለካ ቁጥር
አንዴ ወደሱ ትሰፋለች፣ አንዴ ወደ ቤቴ።

አንድ ሌሊት ኩምሳ፣ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣
በዚያችው ስንዝር ላይ የአጥር መሠረት ጣለ።
ሲነጋ ብወጣ፣ ዳኛው ሆዬ
እርጥቡን ሲሚንቶ ረግጦ ተሻግሮ ኖሯል፣
አራት እግሩን አትሞ፣ ጭራውን እየቆላ።
እኔ ሳቅሁ። ኩምሳ ድንጋይ አነሳ።
እግድ ወጣና መሠረቱ ሁለት ክንድ ላይ ቆመ።
ሲሚንቶው ደረቀ፤
ክሱ ግን ዘጠኝ ዓመት እርጥብ እንደሆነ ከረመ።

በሐምሌ፣ ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል፣ ከሮቶው ሥር ሞተ።
ትርሲት ልጄ ሁለት ሳምንት ሙሉ
ወተት በሲሪንጅ ስታጠጣው ነበር፣
አገጩ ሸብቶ፣ የኋላ እግሩ ከድቶት።
እህቴ በስልክ፦ «እና? ውሻ አይደል?
ወንዝ ዳር ጣለውና ተገላገል።
ሰው ምን ይላል ደሞ፣ ለውሻ ድንኳን ልትጥል?»

ዝም አልኳት። ዶማ አነሳሁ።
ግቢው ሁሉ ኮብልስቶን፣ ሁሉም ጠጠር፤
ለስላሳ አፈር ያለው እዚያች ስንዝር ብቻ ነበር፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም ያልዘራባት፣
ማንም ያልረገጣት፣ የማንም ያልሆነች መሬት።
ስንዝር ተኩል ለውሻ አይበቃም፤
ከራሴ ጨመርኩበት።
በሹፌርነቴ ዘመን ካፖርት ጠቅልዬ አኖርኩት።

«ምን እናድርግለት?» አለች ትርሲት።
መስቀል አይሆንም። ሐውልት ይበዛል።
ስባሪ ሴራሚክ፣ ቆርኪ፣ የሚበላባትን ጣሳ
ጭቃው ላይ ደረደረች፤ በማርከር ስሙን ጻፈች።
ሌሊት ዝናብ ስሙን አጠበው።
ከዝናቡ ኋላ ጅቡ መጣ።
ባትሪ ይዤ ወጣሁ፣ ድንጋይ ወረወርኩ፣
ጮኽኩ፤
ዕድሜውን ሙሉ እሱ ሲጮህልኝ፣
ያን ሌሊት ለሱ የጮኽኩ እኔ ነበርኩ።
ካጥሩ ወዲያ ደግሞ፣ ቃል ሳይሰማ፣
ሌላ ባትሪ በራ። ሌላ ድንጋይ በረረ።

ጠዋት መዶሻና መሮ ሰማሁ።
«አሁንስ አበዛው! ሬሳው ሳይበርድ!»
ቀበቶዬን እየታጠቅሁ በቁጣ ወጣሁ።
ኩምሳ ቁጢጥ ብሎ
የገዛ መሠረቱን ይፈልጣል፤
ላቡ ካፍንጫው ጫፍ ጠብ ይላል።
አራቱን ዱካ አንዱንም ሳይሰብር፣
እንደ ተኛ ሕፃን ከሥሩ አቅፎ አነሳው።
«ያዘው በዚያ በኩል። ከባድ ነው።
ይሄን ጅብ አይገለብጠውም።»

ተሸክመን አስቀመጥነው።
ዱካው ወደሱ ቤት ያመራ ነበር፤
ኩምሳ ጎንበስ ብሎ ወደ በሬ አዞረው፣
እጁን በሱሪው ጠርጎ
«ያንተ ነው» አለኝ።

ውሻውን ይሁን መሬቱን
አልጠየቅሁትም።