ባህር የሚያይ ክፍል

አውሮፕላኑ ሲያርፍ ኮምቦልቻ ሜዳ፣
ባጃጄን አዙሬ ስጠብቅ እንግዳ፣
አንዲት ሴት ወጣች፤ ሻንጣ እየጎተተች፣
በደመናው ሰማይ ባርኔጣ ደፍታለች።
ቅባት ተለቅልቃ አፍንጫዋ ነጥቷል፣
ነጠላ ጫማዋ አስፋልቱን ይመታል።

«ካሪቢያን ቢች ሆቴል፤ ታውቀዋለህ?» አለች፤
መልሴን ሳትጠብቅ ስልኳን ዘረጋች።
ሰማያዊ ውሃ፣
ዘንባባ፣ ነጭ አሸዋ፣ ሰው የሌለው በረሃ።
«አርባ ሆቴል አይቼ ይህን ነው የመረጥኩት፤
ዋጋና አስተያየት ሳነብ ነው ያደርኩት፤
አልጋው ይመቻል አሉ፤
ላየር ማረፊያው ቅርብ፣ ባህር ያያል ክፍሉ።»

እንዴት አላውቀውም!
ያን ባህር የቀባው የአክስቴ ልጅ ይማም፤
እሱ ዘንባባ ሲስል
እኔ ነኝ የያዝኩት ያን ሰባራ መሰላል።
ቀለሙ አልቆብን ሌላ ጣሳ ገዛሁ፤ ጠቆር ይላልና
ባህሩ ወገቡ ላይ ስፌት አለው፤ ቀረ ሳይቃና።

ልንገራት አልኩና ቃሉን ስፈልገው፣
«ሦስት ዓመት» አለችኝ፣ «የሰው ሂሳብ ደመርኩ፤
ደክሞኛል፤ ውሃ ልየው።»
ምላሴን ዋጥኩ፤
በመቶ ሃምሳ ብር ሻንጣዋን ጫንኩ።

ቦርከናን ተሻገርን። ከቢራ ፋብሪካው
ሽታ መጣ በነፋስ። «ምንድነው የሚሸተው?»
«ብቅል ነው።» «ባህሩስ? ከዚህ ይርቃል?»
መሪዬን ጨበጥኩ።
«እንደ ሰዉ ነው፤ ይለያያል።»

መዝገቡ ላይ ጻፈች፤ ትርሲት ነው ስሟ።
ቀና ብላ ግድግዳውን ስታይ ደረቀ አቋሟ።
በጣቷ ነካችው፤
ሰማያዊ አቧራ ነው እጇ ላይ የቀረው።
«ባህሩ የት አለ?»
ጋሽ አበጋዝ መነጽሩን አወለቀ፤ ሳይንተባተብ እንዲህ አለ፦
«ነበር፣ የኔ ልጅ። ሃያ ዓመት ኤንትሬ ነድቻለሁ፤
በባቲ፣ በሚሌ ወርጄ፣ በማግስቱ አሰብ ላይ እግሬን ነክሬያለሁ።
መንገዱማ ይኸው፣ ደጄ ላይ ነው ያለው፤
የጠፋብኝ ጫፉ ነው።»

«ነገ ሐይቅ ልውሰድሽ» አልኩ ጥፋቴን ለመካስ፣
«በሰው መኪና፣ በዶሮ መዝለያ፤ ደሴን አልፈን፤ ታንኳ አለ፤ ብዙ ነፋስ።»
«እሱም ሥዕል ነው ወይ?» አለች፤ ስቃ ይሁን ተናዳ
አልለየሁም እስካሁን፤ ከበደኝ እንደ ዕዳ።

ቆየችና ጠየቀች፦
«ሙቅ ውሃስ?» «አለ፤ እስከ ሦስት ሰዓት።»
«አልጋውስ?» «እሱንስ አልዋሸንም፤ ተኚበትና ንገሪን ጠዋት።»
ሂሳቤን ስትሰጠኝ አሥር ብር ጨመረች፤
«ለዚያ ለስፌቱ ቀለም ግዙ» አለች።

እኩለ ሌሊት ላይ ባዶዬን ስመለስ፣
መንገዱ ጭነት ነው፤ ተሳቢ ተሳቢን ሲከተል፣ ሲደርስ፤
ከሩቅ ያጉረመርማል፣ ይቀርባል፣ ይሞላል፣
መስኮቱን አንቀጥቅጦ ወደ ባቲ ያልፋል፤
ትንሽ ጸጥ ይልና ደግሞ ሌላ ይመጣል።

ሰገነቱ ላይ ናት፤ እግሯን ሰቅላ ወንበር፣
መብራት ሳታበራ ታዳምጥ ነበር።
አምስተኛው ሲያልፍ ነፋሱ መታት፤
ባርኔጣዋን ያዘች፣
ባህሩ እንዳይወስድባት።