ምስክር ነው ዳኛ?

ሲሶ ጉበቱ ተቆርጦ ከወጣ አርባ ቀን ሆነው፤
ስፌቱ ጠግጓል፤ ዛሬ ለቀጠሮ ነው
ከብቸና በሌሊት ተነስተን ባሕር ዳር የገባነው።

የተቆረጠችው ግን ርቃ ሄዳ ነበር፣
በበረዶ ታሽጋ፣ ቃሏን ልትሰጥ በማናውቀው አገር።
የላከችው መልስ አንድ ገጽ ነው፤ ግማሹ ባዶ።
ዶክተር ማስተዋል መነጽሯን አወለቀች።
«ዘረመሉ ላይ አንድ ፊደል ተዛብቷል፤
እንዲህ ሲሆን፣ ሕመሙ ብዙ ጊዜ የወጣበትን ደጅ አይረሳም።»
«ብዙ ጊዜ» የምትለዋን ቃል፣ ቆሎ ውስጥ እንዳለች ጠጠር፣
ሳትተፋት ሳትውጣት ያዘቻት፣ ሳትናገር።

አባቴ ግን በንጉሡ ዘመን ለርስት
አሥራ አንድ ዓመት የተሟገተ ሰው ነው፤
ሰባት ቤት ወደ ላይ ቆጥሮ አቅኚ አባቱ ላይ ሲደርስ
ዳኛው እንኳ ብዕሩን ያስቀመጠለት።
ኩታውን አጣፋ።
«ልጄ፣ ይህ ፊደል ምስክር ነው ዳኛ?»

ኮሪደሩ ላይ የአልጋ ጎማ ሲጢጥ አለ።
«ምስክር ነው» አለች፣ «ያየውን ይናገራል።»
«ይናገራ! እኔ በምስክር ተረትቼ አውቃለሁ፤
ይግባኝ ብዬም ረትቼ አውቃለሁ።
ቀጠሮዬን ንገሪኝ።»
በየሦስት ወሩ፣ ብላ ጻፈችለት።

እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ፣ በሹክሹክታ፣
ለልጆቹስ? ብዬ ጠየቅኳት።
«የዕጢው ነው እንጂ የዘር አይደለም፤ አይወረስም» አለችኝ።
ከአባቴ ንብረት ሙግት የሌለበት ይኸው አንዱ ብቻ።

ደረጃው ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ
ጫማውን ሲያስር አገኘሁት።
የካርድ ክፍሏ ልጅ በመስኮት አንገቷን አውጥታ
ተጣራች፦ «ይርሳው!»
ስም መሆኑን ረሳሁና
አሜን አልኩ።