የባልዲው ፐርኖ

በቺሎዌ ደሴት ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
ገብቶ ይቀመጣል፣ ውጣ የሚለው የለም።
ጎማ ስር ይተኛል፣ ብረት ላይ ያድራል፣
ቀለሙን ይልጥና ዝገቱን ይዘራል።

የአባቴ ማሽን፣ ቢጫዋ ቆፋሪ፣
የሠላሳ ክረምት ጭቃ ተሻጋሪ፣
ዘንድሮ ክንዷ ጫፍ አዲስ ድምፅ አመጣች፤
ባልዲዋን ስታነሳ ኳ... ኳ... እያለች፣
እንደ ላላ ጥርስ እየተንገጫገጨች።

"ፐርኖው ተበልቷል" አለ ሬሚሂዮ፣ አጥሬን ተደግፎ፣
ያልለኮሳት ሲጃራ በከንፈሩ አቅፎ።
"ኤደልሚራ፣ ግራሶ የነፈግሽው ብረት
ዕዳውን አይረሳም፣ ያስከፍላል በድምፀት።"

ቅዳሜ ባልዲዋን ጣውላ ላይ አስተኛኋት፣
ሞተሩን አጥፍቼ የዘይቱን ግፊት አስተነፈስኩላት፤
ክንዷ ስር ግን እጄን አልሰደድኩም፣
አባቴ ጣት ያጣው እዚያ ነው፤ አልረሳሁም።

ብሎኑን ፈታሁት። ሮንደላው ወደቀ።
ፐርኖው ግን ዝገቱን አቅፎ ተጣበቀ።
ብመታው፣ ብመታው፣ መዶሻዬ ሳቀ።
ዘይት አጠጣሁት፣ ጠጥቶ አደረ።
በማግስቱ ቤቱን በእሳት ስለበልበው
ቀለሙ ተላጠ፣ ጭሱ ዓይኔን አጠረ፤
ከዚያ በትልቁ መዶሻ፦ አንድ። ሁለት። ሰባት።
በዘጠነኛው ላይ ክፉ ስድብ ሳክልበት
ሹልክ አለ፤ ለካ መዶሻ አልነበረም የጎደለበት።

ወገቡ ተበልቷል፣ ባንድ ጎን ቀጥኖ፤
ክብ የነበረው ቀዳዳም እንቁላል ሆኖ፤
የግራሶ መጠጫዋ አፍ በጭቃ ተደፍኖ፣
ስንት ጊዜ ያጠጣኋት ሁሉ ውጭ ቀርቷል፣ ድንጋይ ሆኖ።

ከዚያ አንድ ነገር ጣቴን ቆነጠጠው።
ከቦኮላው ጀርባ፣ ጨለማው ውስጥ ያለው፣
ቀጭን ቆርቆሮ ነው፤ በመቀስ የተቆረጠ፣
ክፍተት እንዲሞላ ዙሪያውን የተቀመጠ።
በጨርቅ ጠረግሁት። ሰማያዊ ቀለም፤
የዓሣ ጅራት አለ፤ ራሱ ግን የለም።
የሰርዲን ጣሳ።

አባቴ!
"በጣሳ የጠገነ በጣሳ ይቀበራል" ይል የነበረው፣
የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ላላ ብሎን ስር
ካርቶን ስጠቀጥቅ ያየኝ ዕለት
ሦስት ቀን ያኮረፈው፣
ማዕድ ላይ እንኳ "ጨው አቀብዪኝ" ማለት የከበደው!
በየትኛው ሌሊት፣ በየትኛው ኩራዝ፣
በእናቴ መቀስ ይሆን ይህን የቆረጠው?
የዚያ ፋብሪካ ሰርዲን ከሱቅ የጠፋው
እናቴ ፖርቶ ሞንት ሆስፒታል በከረመችበት ዓመት ነው።
እዚያ ላይ ማስላቴን ተውኩት።

ሽማግሌው ናሁዌልኪን ቀዳዳውን በብየዳ ሞላው፣
ፍቆ ፍቆ ወደ ክብነቱ መለሰው።
ቶርኖው ላይ አዲስ ፐርኖ አወጣልኝ፣
ቦኮላውን ግን በጸጉር ያህል አወፈረብኝ።
"ይህን መዶሻ አያስገባውም" አለ፣ "ብርድ ነው የሚያስገባው።"
ኦርቴንሲያ፣ የሳልሞን ፋብሪካው የሌሊት ዘበኛ፣
ከዓሦቹ መሃል አሳደረችው፤
ንጋት ላይ በሹራብ ጠቅልላ፣
"ሩጪ!" ብላ ሰጠችኝ።
ነጭ ውርጭ ለብሷል። ጓንቴን ነከሰ።
ቤቱ ውስጥ ያለ አንዳች ድምፅ ፈሰሰ፤
እስኪሞቀው እንግዳ፣ ሲሞቀው ባለቤት፣
አሁን በመጋዝ እንጂ አይወጣም ከዚያ ቤት።

ግራሶ ገፋሁ። መጀመሪያ ጥቁሩ ወጣ፣
ከአሸዋው ጋር፤ ቀጥሎ ዳማ፤
ንጹሑ እስኪመጣ
ክንዴ ዛለ። ባልዲዋ ተነሳች። ዝም። ምንም አልሰማ።

የማዶው ፐርኖ ቀረ።
እሱም ትንሽ ይላወሳል፣ ገንዘቡ ግን አለቀ፤
ሰኞ የኦያርሶ ቦይ አለ፣ ዝናቡም አልራቀ።
ሬሚሂዮ ከአጥሩ ሄዷል። መንገዱን አየሁ፣
ወጥ ቤት ገብቼ ባዶ ጣሳ አነሳሁ፤
የቀንድ አውጣ ነበረች፣ ቀይ፣ የባሕር ሽታ ያላት።
በእናቴ መቀስ፣ በቀስታ፣ ቆረጥኳት።